ቫይረስ አይደለም፤ ፎርማት አታድርጉት
ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አሮጌ የሒሳብ ወይም የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም በአዲስ ዊንዶውስ ላይ እምቢ ባለ ቁጥር «ቫይረስ ነው» ይሉኛል። መስማቱ ሰልችቶኛል።

«ኮምፓቲቢሊቲ (ፕሮግራሙን እንደ ድሮው ዊንዶውስ የሚያስነሳው ምርጫ) የሚለውን ብነካው ይከፈታል።» ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ የተሠራ ፎክስፕሮ፣ ማለትም የድሮ የመረጃ መመዝገቢያ ፕሮግራም፣ ከሆነ አይከፈትም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራም አያስነሳም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። አንዱ መፍትሔ የድሮውን ዊንዶውስ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም፣ ውስጥ መጫን ነው።

«ያረጀ ሁሉ አይሠራም።» ስህተት ነው። ቪዥዋል ፎክስፕሮ 9 በ2004 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ዛሬም ይሠራል፤ ባለ 32 ቢት ነውና ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ይቀበለዋል።

«የአማርኛው ስም ተበላሸ።» አልተበላሸም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የድሮ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ምልክቶች ላይ ደርበው ነበር የሚጽፉት። ያንኑ ፎንት ጫኑበት።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን «ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጫለሁ፣ ሁሉም አለ» የሚለው ነው። የለም! የድሮ ፕሮግራሞች መዝገባቸውን ፕሮግራም ፋይልስ በሚባለው የዊንዶውስ የፕሮግራሞች ፎልደር ውስጥ ከጎናቸው ያስቀምጡ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበው ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ እዚያ መጻፍ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ዊንዶውስ ፕሮግራሙ እንዳይቆም ሲል የሚጻፈውን ቨርቹዋል ስቶር ወደሚባል የተጠቃሚው የግል ፎልደር ያዞረዋል። ሁለት ሰዎች በየስማቸው ቢገቡ ሁለት የተለያየ መዝገብ ያያሉ፤ የሚነግራቸው ግን የለም።

ባለፈው ዓመት የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ አንድ አባት መጡ። «ልጄ፣ የስምንት ወር ዱቤ ጠፋብኝ» አሉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፎልደሩን ገልብጠው አምጥተዋል፤ የገንዘብ ያዧ ምዝገባ ግን በእርሷ ስም ቨርቹዋል ስቶር ውስጥ ቀርቷል። ደግነቱ አሮጌው ኮምፒውተር ገና ፎርማት አልተደረገም ነበር። ስከፍተው አንድ ዲቢኤፍ (የፎክስፕሮ መዝገብ) ፋይል አገኘሁ፦ ስሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር፤ የዘጌ፣ የሐሙሲት፣ የመራዊ ተበዳሪዎች ስም በየመስመሩ። እኒያ አባት ስማቸውን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ።

እባካችሁ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር ከማጽዳታችሁ በፊት በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም ግቡ። የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ አድርጉ፤ አፕዳታ፣ ቀጥሎ ሎካል፣ ከዚያ ቨርቹዋል ስቶርን ክፈቱና ያለውን ሁሉ ገልብጡ። በአዲሱ ላይ ፕሮግራሙን ከፕሮግራም ፋይልስ ውጭ፣ ለብቻው በተከፈተ ፎልደር አስቀምጡት። አሮጌውንም ቢያንስ አንድ ሙሉ የሒሳብ ዓመት እስኪዘጋ አትንኩት።