ለአዋቂ ልጅ ሞግዚት ማለት ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስም ይሁን ሞጣ፣ ቡሬም ይሁን ደጀን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ጎልማሳ ልጅ ያላቸው አዛውንቶች ጭንቀታቸው አንድ ነው። «እኔ ካለፍኩ ማን አለው?» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ «ኧረ አያሟርቱ፣ እህት ወንድሞቹ አሉለት» ይላቸዋል። አዎ፣ አሉለት። ግን ማን ጋ ያድራል? መሬቱ ለእኩል ሲሰጥ እህሉን ማን ይቀበልለታል? ባንክ ያለውን ገንዘብ ማን ያወጣለታል?

ሕጉ ይህን ሥራ ለሁለት ከፍሎታል። አሳዳሪ ሰውየውን ይንከባከባል፤ ምግቡን፣ ሕክምናውን፣ ማደሪያውን ያያል። ሞግዚት ደግሞ ንብረቱን ያስተዳድራል፣ በገንዘብ ጉዳይ በስሙ ይፈርማል። ሁለቱንም አንድ ሰው ሊይዘው ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁ ግን፣ ሰው እስካለ ድረስ ቢለያይ ይሻላል። አብራው የምትኖረው እህት ታሳድረው፣ ባሕር ዳር ያለው ወንድም ሒሳቡን ይያዝ። አንዱ የሌላውን ሥራ ያያል።

ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ወላጆቹ አሳዳሪውም ሞግዚቱም ናቸው። ከዚያ በኋላ ሕጉ እንደ ማንኛውም አዋቂ ይቆጥረዋል፤ እናቱ ዛሬም እያጎረሰችው ቢሆን እንኳ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአዋቂ ሰው ሞግዚት የሚሾመው ፍርድ ቤት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዱን «በፍርድ መከልከል» ይለዋል፤ ሰውየው ሕጋዊ ጉዳዮቹን ራሱ እንዳይፈጽም ፍርድ ቤት ይከለክለዋል ማለት ነው። ራሱ ሰውየው፣ የትዳር ጓደኛው፣ የሥጋ ዘመዱ ወይም ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላል። የሐኪም ማስረጃ ያግዛል፣ የሽማግሌ ምስክርነትም እንዲሁ፤ ውሳኔው ግን የዳኛው ነው።

ከመሮጥ በፊት ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። በፍርድ የተከለከለ ሰው የፈረመው ውል ሊፈርስ ይችላል። መናዘዝ አይችልም። ለማግባትም የፍርድ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ ማየት ለተሳነው፣ መስማት ለተሳነው ወይም መራመድ ለሚቸግረው ልጅ ይህን ማሰብ ግፍ ነው። እሱ ራሱ ይወስናል፤ ካስፈለገው ለሚያምነው ሰው ውክልና ይሰጣል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የሚለው ይህንኑ ነው፦ እንዲወስን አግዙት። እኔ እንደማየው መከልከል ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚመጣ ነገር ነው።

ስለ ውክልና ካነሳን አይቀር፣ አባት ለታላቁ ልጅ የሰጠው ውክልና በመደበኛው ከአባት ጋር ይቀበራል። «ውክልናው በእጄ ነው» ያለ ወንድም ከተዝካር በኋላ ባንክ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ኑዛዜም ወግ አለው። አልጋ ላይ ሆኖ ለሁለት ሰው በቃል መናገር የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው የቃል ኑዛዜ ግን ከቀብር ሥርዓት፣ ከ500 ብር ከማይበልጥ ስጦታና አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች አሳዳሪ ወይም ሞግዚት ከመምረጥ አያልፍም። የ35 ዓመቱን ልጅ ጉዳይ አይሸከምም። ቤቱን ወይም ከብቱን ለእሱ ለማቆየት የፈለገ ወላጅ በጽሑፍ ይናዘዝ። ጽሑፉ በራሱና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፣ ሁሉም እዚያው ይፈርሙ። «ሞግዚት እገሌ ቢሆን እወዳለሁ» ብሎ መጨመርም አይከፋም፤ ዳኛው የወላጅን ሐሳብ ያውቃል።

ፍርድ ቤት የማይጽፈው ነገር ደግሞ አለ። ይህን በተራ ደብተር እናት ትናገር፣ የልጅ ልጅ ይጻፍ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ በስንት ሰዓት እንደሚወስድ። ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋ ሥር እንደሚገባ፣ ያኔ መጎተት ሳይሆን አጠገቡ መቀመጥ እንደሚሻል። ሽሮ ካልቀዘቀዘ እንደማይነካ። እጁን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ጥርሱን አሞት እንደሆነ። ይህ ሁሉ ዛሬ ያለው በአንዲት አሮጊት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ልጁንም ጠይቁት። መናገር ባይችል እንኳ እህቱ ጋ ጥቂት ሳምንት፣ ወንድሙ ጋ ጥቂት ሳምንት ይሰንብት። የት እንደተመቸው ከአበላሉና ከእንቅልፉ ይታወቃል። አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ፣ ቤተሰቡ ፋታ ሲያገኝ፣ ይህን መሞከር ይቻላል።