ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። «ላፕቶፔ ኢንተርኔት እምቢ አለኝ፤ ነገ ወስጄ ፎርማት ላስደርገው ነው» አለችኝ። «ስልክሽስ በዋይፋዩ ይሠራል?» አልኳት። ሞከረችው። እሱም አይሠራም። ታዲያ ላፕቶፑ ምን አጠፋ?

እንዲህ ዓይነት ስልክ ቶሎ ቶሎ ይደወልልኛል። ሰው በከንቱ ገንዘቡን ሲያወጣ፣ ይባስ ብሎ የልጆቹን ፎቶ በፎርማት (ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ በመጫን) ሲያጣ ማየት ያንገበግበኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔት መኖር አለበት»

የግራ መጋባቱ ሁሉ ሥር እዚህ ነው። ከላፕቶፑ እስከ ኢንተርኔት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን እስከሚያሰራጨው ሳጥን ነው። ዋይፋይ የሚባለው ይኼ ብቻ ነው። ሌላው ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው ነው፤ ፋይበር፣ የመዳብ የስልክ መስመር ወይም ሲም ካርድ። ምልክቱ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው። የውጭው መስመር ተቆርጦም እሱ ሙሉ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው መንገድ እንደተቆረጠ እንወቅ። የስልካችሁን ሞባይል ዳታ አጥፉና በዚያው ዋይፋይ ሞክሩ። ስልኩም እምቢ ካለ ላፕቶፑን ተዉት። የቤታችሁ መስመር ፋይበር ከሆነ ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ላይ «LOS» (ኤልኦኤስ) የሚል ጽሑፍ ያለበትን መብራት እዩ። ቀይ ከበራ ኢንተርኔቱን በፋይበሩ የሚያመጣው ብርሃን ቤታችሁ እየደረሰ አይደለም። ያኔ ለኢንተርኔት ድርጅቱ ማመልከት እንጂ ላፕቶፕ መነካካት ዋጋ የለውም። የእህቴም ይኸው ነበር። ወርሃዊ ክፍያው አልፎ እንደሆነም ማየት አይከፋም።

«ሪሴት አድርገው፣ ይስተካከላል»

ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ጥሩ ነው። ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ ሰኩት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡት። በመርፌ የሚጫነው የቀዳዳው ቁልፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ማስነሻ ሳይሆን ቅንብሩን ሁሉ መሰረዣ ነው። የዋይፋዩ ስምና ፓስዎርድ ራውተሩ ሥር ወደተለጠፈው ይመለሳል፤ የቤቱ ስልክ ሁሉ ከዋይፋዩ ይቋረጣል። በመዳብ መስመር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ የሰጣችሁ የመግቢያ ስምና ፓስዎርድም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ጎረቤቴ መስመር ለግማሽ ሰዓት በተቋረጠበት ቀን ጫነው። መስመሩ ወዲያው ተመለሰ። እሱ ግን የመግቢያ ስምና ፓስዎርዱ የተጻፈበትን ወረቀት ፈልጎ እስኪያገኝ አራት ቀን ያለ ኢንተርኔት ከረመ። እባካችሁ ያንን ወረቀት ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት።

«ስልኬ ይሠራል፤ ላፕቶፑ ተበላሽቷል ማለት ነው»

አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ቅንብሩ እንጂ ዕቃው አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አንድ ነገር አለ፤ ቀኑ። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ያየሁት ነው። ዋይፋዩ ተገናኝቷል፤ ግን የሚከፈተው ድረ ገጽ ሁሉ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይመልሰዋል። ለካ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶት ኖሯል! ድረ ገጾች የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት የደህንነት ሰርተፍኬት አላቸው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ላፕቶፕ ሰርተፍኬቱን ገና ያልጀመረ አድርጎ ያየዋል፤ ስለዚህ አይከፍትም። ቆየት ባለ ላፕቶፕ ላይ ቀኑ በራሱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለችው ትንሿ ባትሪ ደክማለች። ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር አስተካክሉ። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን ስትመርጡ አዲስ አበባን አትፈልጉ፤ ናይሮቢ የሚለው የእኛም ነው።

ቀኑ ልክ ከሆነስ? የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ ይሆናል። ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ ቦታ አዙሮ የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ክፍት ረስታችሁም ሊሆን ይችላል። ፓስዎርድ ተቀይሮ ከሆነ ላፕቶፑ አሮጌውን ይዞ ይጨቃጨቃል፤ ኔትወርኩን «እርሳው» ብላችሁ እንደ አዲስ ግቡ። ብዙ ራውተሮች ዋይፋዩን በሁለት ሞገድ ያሰራጫሉ፤ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። አሮጌ ላፕቶፕ 5ቱን ጭራሽ ላያየው ይችላል፤ በ2.4 ሞክሩት።

«ፎርማት ካልሆነ አይለቅም»

ይኼን ስሰማ በጣም ነው የማዝነው። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ዊንዶውስ የዋይፋይ ካርዱን ላያውቀው ይችላል። ያኔ የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ ይጠፋል። ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም) ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል! እዚያ ከደረሳችሁ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ዳታውን ለላፕቶፑ አጋሩት። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ግን ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የኔትወርክ ቅንብርን ብቻ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ምርጫ አለ። ፋይል አይነካም። የተቀመጡ የዋይፋይ ፓስዎርዶችን ግን ያጠፋል፤ አስቀድማችሁ ጻፏቸው።

«ራውተሩ ቤት ውስጥ እስካለ የትም ቢቀመጥ ያው ነው»

አይደለም። ልጆች እንዳይነኩት ቡፌ ውስጥ የሚቆለፍ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ የሚወሸቅ ራውተር ስንቱን አይቻለሁ። ብረትና የኮንክሪት ግድግዳ ሞገዱን ያዳክሙታል። በቆርቆሮ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ያለ ላፕቶፕማ ዕድሉ ጠባብ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን አይችልም። 2.4 ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ማይክሮዌቭ ሲበራ ግን ይረበሻል፣ ሁለቱም በአንድ አካባቢ ሞገድ ስለሚሠሩ። ራውተሩን ከፍ አድርጋችሁ፣ ወደ ቤቱ መሃል አስቀምጡት።

«ሪፒተር ብገዛ ፍጥነቱ ይጨምራል»

ሪፒተር የራውተሩን ሞገድ ተቀብሎ ራቅ አድርጎ የሚያደርስ ዕቃ ነው፤ የሚያራዝመው የመጀመሪያውን መንገድ ነው። የገዛችሁት የውጭ መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ 10 ነው፤ ፋይል ስታወርዱ በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን ራውተሩ አጠገብ ወስዳችሁ ሞክሩት። እዚያ ፈጥኖ መኝታ ቤት ከዘገየ ሪፒተር ይጠቅማችኋል። እዚያም ከዘገየ በኔትወርክ ገመድ አገናኙት። በገመድም ያው ከሆነ ብራችሁን መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ።