«ማታ ደህና ነበር፣ ሌሊት ድንገት ሞተ»

ለቅሶ ቤት ስንቴ ሰምተነዋል? ሆስፒታል ተኝቶ ለነበረ ሰው ግን ይሄ «ድንገት» ብዙ ጊዜ ድንገት አይደለም። ልብ ከመቆሙ በፊት ባሉት ሰዓታት ሰውነት ይናገራል። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ሰውየው ይዘባርቃል።

«ፈጣን ምላሽ ቡድን የሚጠራው ልብ ሲቆም ነው» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲድኒ ውስጥ ሊቨርፑል ሆስፒታል ሲጀመር ዓላማው ልብ ሳይቆም መድረስ ነበር። በጽኑ ሕሙማን ሕክምና የሠለጠኑ ሰዎች፣ ገና ምልክቱ እንደታየ፣ አልጋው ድረስ ይመጣሉ።

«ማሽኑ ካልጮኸ ሰላም ነው።» አብዛኛው ተኝቶ ታካሚ እኮ ማሽን ላይ አይደለም፣ በየተወሰነ ሰዓቱ ነው የሚለካው። ከሚለኩት ውስጥ ደግሞ ቶሎ የሚለወጠውም በብዛት የሚዘለለውም ትንፋሽ ነው። ለመቁጠር ሰዓት ብቻ ይበቃል፦ ደረቱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ያረፈ አዋቂ ሰው ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። 25 ከደረሰ፣ እንግሊዞቹ የታካሚን መባባስ በሚለኩበት የነጥብ ሰንጠረዥ ለትንፋሽ ከፍተኛው፣ ማለትም አሳሳቢው ነጥብ ይሰጠዋል።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን «አስታማሚ ምን ያውቃል፣ ሐኪም መድፈር ነው» የሚለው ነው። ማርታ ሚልስ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ከብስክሌት ወድቃ ቆሽቷ ተጎዳ፣ ለንደን ውስጥ ሆስፒታል ተኝታ ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገባ። ወላጆቿ ደጋግመው «እየባሰባት ነው» አሉ። በ2021 ሞተች፤ ቶሎ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ብትዛወር ኖሮ በሕይወት የመትረፍ ዕድሏ ሰፊ እንደነበር በኋላ የሞቷ ምርመራ ደመደመ። ከ2024 ጀምሮ በእንግሊዝ «የማርታ ደንብ» የሚባል አሠራር በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ውሏል፦ ቤተሰብ ራሱ ሌላ ቡድን መጥቶ እንዲያይለት መጠየቅ ይችላል። ይሉኝታ የለመድን ሰዎች ነን፣ አውቃለሁ። ግን የእናትህን ፊት ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አጥርተህ ተናገር፦ «ጠዋት በስሜ ጠርታኛለች፣ አሁን አላወቀችኝም፣ ትንፋሿ በደቂቃ 28 ነው።» አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፣ ልጃችሁን አታስጨንቁ።

«ቡድኑ ካለ በቃ» የሚባለውም አይሠራም። በ2005 የወጣ የ23 የአውስትራሊያ ሆስፒታሎች ጥናት ቡድኑ ባላቸውና በሌላቸው ሆስፒታሎች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ምልክቱ እየታየ ቡድኑ ሳይጠራ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነበር።

«ጥፋቱ የአንድ ሰነፍ ነርስ ነው» ማለትም ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 ታካሚ 1ዱ ሕክምና ላይ እያለ ጉዳት ይደርስበታል ይላል፣ ግማሹን ያህል መከላከል ይቻል ነበር። ይሄ ሁሉ ስንፍና ነው? ተረኛ ሲቀያየር ወሬው ይቋረጣል፣ አንዲት ነርስ ስንት አልጋ ትይዛለች፣ ጀማሪው ሐኪም አለቃውን በውድቅት መቀስቀስ ይፈራል።

ሰው ስታስተኙ በመጀመሪያው ቀን ነርሷን ጠይቋት፦ «ሌሊት ቢብስበት ማንን ነው የምጠራው?» ቡድን ከሌለም ተረኛ ሐኪም አለ። ስልኩን እዚያው መዝግቡ።