የኦፕቲማ ፊደል አልተጣመመም፤ ተዉት!

ለሎጎም ሆነ ለታፔላ ኦፕቲማ የሚባለውን የላቲን ፎንት ሳቀርብ የደንበኛው መልስ አይቀየርም። «ያምራል፣ ግን ፊደሎቹ ወገባቸው ላይ ቀጥነዋል፤ አስተካክልልን።» ሰለቸኝ። ዛሬ ሰዎች ስለዚህ ፎንት የሚሉኝን አንድ በአንድ መልሼ ይውጣልኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ጎኑ ተጣሟል»

አልተጣመመም፣ ሆን ተብሎ ነው። ጀርመናዊው የፊደል ነዳፊ ሄርማን ዛፕፍ በ1950 ፍሎረንስ ውስጥ ሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ወለሉ ላይ የመቃብር ድንጋዮች ተነጥፈዋል። የአንዳንዶቹ ጽሑፍ ሴሪፍ፣ ማለትም ጫፉ ላይ የምትወጣዋ ትንሽ እግር፣ የለውም። ግን ጭረቱ፣ ማለትም ፊደሉ የተሠራበት መስመር፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይሰፋል። ዛፕፍ በእጁ ወረቀት ስላልነበረ በሊሬ ኖት፣ በጣሊያን የወረቀት ገንዘብ፣ ላይ ነደፈው። በ1958 የፍራንክፈርቱ የፊደል አምራች ድርጅት ሽቴምፕል ፎንቱን ለገበያ አወጣው።

ማመን ያቃተው አይ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል በትልቁ አትሞ ማስመሪያ ጎኑ ላይ ያስጠጋ። መሐሉ ላይ ስስ ክፍተት ያያል። ፎንቱ ሕይወት ያለው የሚመስለው በእሷ ነው።

አንዴ የክሊኒክ ታፔላ ሠርቼ ፋይሉን ማተሚያ ቤት ላክሁ። እዚያ ያለው ልጅ «ስህተት አግኝቼ አረምኩልህ» አለኝ። ለካ ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ቀይሮ እያንዳንዱን ጎን ቀጥ አድርጎታል! ደግ አስቦ ነው፣ አልፈርድበትም። የተሰቀለው ግን ኤሪያልም (ኮምፒውተር ላይ የተለመደው ጎኑ ቀጥ ያለ ፎንት) ኦፕቲማም ያልሆነ ነገር ነው። ቀጥ ያለ ፊደል ከፈለጋችሁ ገበያው ሞልቶታል፣ እሱን ምረጡ። ይሄንን አትንኩብኝ።

«የሜካፕ ፎንት ነው»

የመዋቢያ ኩባንያው እስቴ ሎደር ስለተጠቀመበት ነው እንዲህ የሚባለው። ዋሽንግተን ያላችሁ ሐበሾች ግን የቬትናም ዘማቾችን መታሰቢያ ሄዳችሁ እዩ። በ1982 የተመረቀው ጥቁር ግራናይት ላይ ከ58 ሺህ በላይ ስሞች የተቀረጹት በኦፕቲማ ነው። የፊደሉ ቁመት ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ሆኖም ጥርት ብሎ ይነበባል። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ጆን ማኬይንም በ2008 የምርጫ ዘመቻው ተጠቅሞበታል። የትኛው ሜካፕ ነው እንግዲህ?

«ሴሪፍ ከሌለው ከኤሪያል በምን ይለያል?»

በውፍረቱ። የኦፕቲማ ጭረቶች አንዱ ወፈር፣ አንዱ ሳሳ ይላሉ። የኤሪያል ጭረት ከሞላ ጎደል እኩል ነው።

«የትም፣ በምንም መጠን ይሆናል»

አይሆንም። ያቺ ቅጥነት ጥራት ባለው ኅትመት ላይ እንጂ በደካማ ስክሪን ላይ አትታይም። ወይ ትጠፋለች፣ ወይ ጎኑ የተሸራረፈ ይመስላል። በ2002 ዛፕፍ ከፊደል ነዳፊው አኪራ ኮባያሺ ጋር ኦፕቲማ ኖቫን ሲያወጣ ፎንቱ ለዲጂታል እንደገና ተሠርቷል። ከቻላችሁ እሱን ግዙ። ርካሽ ስልክ ላይ ለሚነበብ ረጅም ጽሑፍ ግን ሌላ ፎንት ፈልጉ።

«አማርኛውንም በኦፕቲማ አድርግልኝ»

ኦፕቲማ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። «አድርጌዋለሁ» የሚላችሁ ካለ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ሌላ ፎንት ተክቶለት ነው፤ ማክ ከሆነ ከፋን፣ ዊንዶውስ ከሆነ ኒያላን ወይም ኢብሪማን። ስለዚህ የአማርኛውን ራሳችሁ ምረጡ። ውፍረቱ ከላቲኑ ጋር የሚቀራረብ ይሁን። መጠኑን ደግሞ በቁጥር ሳይሆን በዓይን አስተካክሉ፤ ሁለቱም 24 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ) ስለሆኑ ብቻ እኩል አይታዩም።