ፕሪሴት ምንድን ነው? ኪቦርዱ ውስጥ የለም

የሚዞር የጥበቃ ካሜራ የምናዝበት ኪቦርድ (ጆይስቲክና የቁጥር ቁልፎች ያሉት መቆጣጠሪያ) ተበላሽቶ በተቀየረ ቁጥር አንዱ ይነሳና «ፕሪሴቶቹም አብረው ጠፍተዋል፣ ሁሉንም እንደገና መሙላት ነው» ይላል። በዚህ ሳምንት ደግሞ አንድ ሰው ይህንኑ ለጀማሪዎች ሲያስተምር አየሁ። ጭራሽ «ፕሪሴት ማለት ኪቦርዱ የያዘው ፎቶ ነው» አለ። አይደለም። ኪቦርዱ ውስጥ ፎቶ የለም። ፕሪሴቱ ራሱም እዚያ የለም።

ፕሪሴቱ ያለው ካሜራው ውስጥ ነው። ካሜራው ወደ ጎን ምን ያህል እንደዞረ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ምን ያህል እንዳዘነበለ፣ ዙሙ የት እንደደረሰ ይመዘግባል። ለዚያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ሲጠራ ወደዚያው ቦታ ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እንደ ታክሲ አስቡት። ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» ብሎ ይጣራል። መንገዱን የሚያውቀው ግን ሾፌሩ ነው። ኪቦርዱ ረዳቱ ነው፣ ካሜራው ሾፌሩ። ረዳት ስለተቀየረ ሾፌሩ ፒያሳ አይጠፋበትም። አዲሱ ረዳት ግን የሾፌሩን ቋንቋ መቻል አለበት፤ ፕሮቶኮል የምንለው እሱን ነው። ሾፌሩ በሚሰማው ፍጥነት መናገር አለበት፤ ይህ ቦድ ሬቱ ነው። የትኛውን ሾፌር እንደሚያናግርም መለየት አለበት፤ ይህ የካሜራው አድራሻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ካሜራው ዝም ይላል። ያኔ ነው ሰው «ፕሪሴቱ ጠፋ» የሚለው። አልጠፋም፣ ጥሪው አልደረሰውም።

ማመን ያቃተው ሽቦው ላይ የሚያልፈውን ይይ። ፔልኮ ዲ በሚባለው ፕሮቶኮል አንድ ትእዛዝ 7 ባይት ብቻ ነው። መነሻ ምልክት፣ አድራሻ፣ ትእዛዙን የሚይዙ አራት ባይቶች፣ መጨረሻ ላይ ማረጋገጫ ድምር። ፕሪሴት 5ን ስትጠሩ የሚሄደው 5 የሚለው ቁጥር ነው። 7 ባይት ውስጥ ፎቶ አይገባም።

የድሮዎቹን ግን ልለይ። ካሜራውና ማዞሪያ ሞተሩ ለየብቻ ይገጠሙ በነበረበት ጊዜ ፕሪሴቱ ካሜራው አጠገብ ባለው ትእዛዝ ተቀባይ (ሪሲቨር) ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። የፕሪሴት ስምና ፓትሮል (ካሜራው ፕሪሴቶቹን በተራ የሚዞርበት) ደግሞ እንደ ሲስተሙ መቅጃው ወይም ሶፍትዌሩ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁሉም የፕሪሴት ቁጥር ነፃ እንዳይመስላችሁም። ብዙ ካሜራዎች ላይ ፕሪሴት 95ን መጥራት የካሜራውን ሜኑ ይከፍታል። እዚያ ላይ የበሩን ቦታ አስቀምጣለሁ ብትሉ፣ ስትጠሩት ስክሪኑን ጽሑፍ ይሞላዋል።

ወደ ሾፌሩ ልመለስ። እሱ የሚያውቀው መታጠፊያውን እንጂ ሱቁን አይደለም። መሰላል ካሜራው የተሰቀለበትን ብራኬት ገጭቶ ትንሽ ቢያዞረው ፕሪሴት 1 በሩን ትቶ አጥሩን ያሳያል። ካሜራው ግን በእሱ ቤት ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው። ፎቶ ቢሆን ኖሮ እኮ ልዩነቱን ያውቅ ነበር!

ይህን ያህል የምከራከረው ስህተቱ ጉዳት ስላለው ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኪቦርድ ተቀየረ፣ ካሜራዎቹ አልታዘዝ አሉ። የካሜራዎቹ ቦድ ሬት 2400 ላይ ነበር፣ የአዲሱ ኪቦርድ 9600 ላይ። እሱ ተስተካከለ፣ ጆይስቲኩ መሥራት ጀመረ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረባቸው። ግን «ፕሪሴቶቹ ጠፍተዋል» ተብሏልና በጥድፊያ እንደገና መሙላት ጀመሩ። የድሮው ፕሪሴት 1 በሩ ላይ ጠበብ ብሎ የተያዘ ነበር፤ የሚገባ መኪና ታርጋ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አዲሱ በሩንም መንገዱንም የጥበቃ ቤቱንም አንድ ላይ ያዘ። ሲያዩት ያምራል። ከሳምንት በኋላ አንድ መኪና የበሩን ምሰሶ ገጭቶ ሄደ። ቀረጻው ላይ መኪናው አለ፣ ታርጋው ግን ነጭ ነጥብ ነው። በኋላ ምስሉን ማጉላት አልረዳም። ሌንሱ ያኔ ያልያዘውን ዝርዝር ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ኪቦርድ ስትቀይሩ መጀመሪያ የካሜራውን ቁጥር አስገቡና ፕሪሴት 1ን ጠርታችሁ እዩ። መጥሪያውና ማስቀመጫው የትኛው እንደሆነ ግን ቀድማችሁ ለዩ። አንዳንድ ኪቦርድ ላይ ቁልፉ አንድ ነው፤ ነካ ካደረጋችሁት ይጠራል፣ ተጭናችሁ ከቆያችሁ በድሮው ላይ ያስቀምጣል።