ኤስ-ኪንግ ይዘን ሪሬይዝ ሲደረግብን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ላይ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ሲጠና፣ እኛ ቤት ቡና እየተፈላ ፖከር እንጫወታለን። ገንዘብ የለበትም። ቺፓችን ሽምብራ ነው፤ ለአንድ ሰው 200 ፍሬ። ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚቀመጠው ውርርድ ብላይንድ ይባላል፤ ትንሹ ብላይንድ 1፣ ትልቁ 2። ከአቦል እስከ በረካ የሚያከራክረን ግን አንድ ነገር ነው። በእጅህ ባሉት ሁለት ካርታዎች ኤስና ኪንግ ይዘህ ሬይዝ አደረግክ፣ ማለትም ውርርዱን ከፍ አደረግክ፤ ሌላው መልሶ ከፍ አደረገብህ፣ ይሄ ነው ሪሬይዝ። ፍሎፕ፣ ማለትም መሐል የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች፣ ገና አልወጣም። ምን ይሻላል?

«ጥንድ ስላልሆነ ፎልድ ነው»

ካርታህን ጥለህ ውጣ ማለት ነው፤ ይሄኛው በጣም ያስቆጨኛል። ብዙ ጥሩ እጅ በከንቱ ሲጣል አይቻለሁ። የምንፈራው ጥንድ ኤስንና ጥንድ ኪንግን ነው አይደል? ግን አንዱ ኤስና አንዱ ኪንግ አንተው ጋ ናቸው። ጥንድ ኤስ በ6 መንገድ ይገኝ ነበር፤ አሁን በ3 ብቻ ነው። ኪንግም እንደዚያው። ጥንድ ክዊን ግን 6ቱም መንገድ አለው። ከእሱ ጋር እስከ መጨረሻው ካርታ ብትሄድ ከ100 ጊዜ 43 ያህሉን ታሸንፋለህ፤ ሁለቱ ካርታዎችህ አንድ ምልክት ካላቸው 46። ክፉው ጥንድ ኤስ ነው፤ ያኔ ዕድልህ ከ7 እስከ 12 በመቶ ነው።

ሂሳቡን በሽምብራ እንየው። አንተ 6 አስቀመጥክ፣ እሱ 18 አደረገው፣ ብላይንድ ያስቀመጡት ሁለቱ 3 ሽምብራቸውን ትተው ወጡ። መሐል 27 አለ። 12 ጨምረህ ኮል ብትል፣ ማለትም ከእሱ ጋር ብታስተካክል፣ 39 ይሆናል። ስለዚህ 31 በመቶ ገደማ ማሸነፍ ይበቃሃል። ከፍሎፕ በኋላ ሌላ ውርርድ ስለሚመጣ ይህ ግምት ነው፤ ቢሆንም አብሽር፣ ለፎልድ አያስቸኩልም።

«እንግዲያው ሁሌ ኦል ኢን»

ያለህን ሽምብራ ሁሉ አስገባ ማለት ነው፤ እሱም አይደለም። 40 ሽምብራ ብቻ ከቀረህ፣ አዎ፣ ግባበት። 200 ሙሉ ካለህ ግን መጀመሪያ ሰውየውን እይ። አንድ ጎረቤታችን ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ ሪሬይዝ የሚያደርጉት አንዴ ቢሆን ነው፤ ያውም ጥንድ ኤስ ወይም ጥንድ ኪንግ ይዘው። እሳቸው ላይ ኤስ-ኪንግን እጥላለሁ፣ አልጸጸትም። በየዙሩ የሚጨምረው ልጅ ላይ ግን እኔው መልሼ ከፍ አደርጋለሁ። ፎልድ ካለ ካርታ ሳላሳይ ሽምብራውን ወሰድኩ ማለት ነው።

የመቀመጫ ቦታም ይታያል። ከሪሬይዝ አድራጊው በኋላ የምትጫወት ከሆነ ኮል ይቀላል። ቀድመህ መናገር ያለብህ አንተ ከሆንክ ይከብዳል።

«ኤስ-ክዊንና ኤስ-ጃክም ያው ናቸው»

ያው አይደሉም። ሪሬይዝ የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ ኤስ-ኪንግ ራሱን ይይዛል። ኤስ-ክዊን እሱ ላይ የሚያሸንፈው ከ4 አንዴ ገደማ ነው። የባሰው ደግሞ ኤስ ሲወጣ ነው፤ ደስ ብሎህ ሽምብራህን ትደፋለህ።

«ፍሎፕ ካልመታኝ ዕድሌ ጠማማ ነው»

ከ3 ፍሎፕ በ2ቱ ገደማ ኤስም ኪንግም አይወጣም። ኮል ከማለትህ በፊት ይህን አስበው። 9፣ 7፣ 2 ወጥቶ ጋሼ 25 ሽምብራ ካስቀመጡ፣ ካርታህን ገልብጠህ ስኒህን አንሳ።