«4ኬ ነው አይደል?» ስለ ካሜራ የቪዲዮ ሞዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ሰርግ፣ ምርቃት ወይም ክሊፕ የሚቀርጽ ሰው ከደንበኛው ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «4ኬ ነው አይደል?» የሚል ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። የሚያሳዝነው ቀራጩም ብዙ ጊዜ ከዚያ አለማለፉ ነው። ሜኑው ላይ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይቀርጻል፣ ኤዲት ላይ ሲቀመጥ ምስሉ ለምን እንደደከመ ግራ ይገባዋል። አንድ ካሜራ ውስጥ ያሉት ሞዶች (የቀረጻ ምርጫዎች) ሴንሰሩን፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይረውን ክፍል፣ የሚያነቡበት መንገድ ይለያያል። ይህን ሜኑው አይነግራችሁም።

«4ኬ ከሆነ ጥራት አለው»

4ኬ 3840 በ2160 ፒክስል ነው፤ በድምሩ 8.3 ሚሊዮን ገደማ። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ 2 ሚሊዮን ገደማ። ይህ ግን የፋይሉ መጠን ነው። ካሜራው እነዚያን ፒክስሎች ከየት አመጣቸው? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

24 ሜጋፒክስል ያለው ሴንሰር ለቪዲዮ ቅርጽ ሲቆረጥ 20 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ይቀረዋል። ካሜራው ሁሉንም አንብቦ ወደ 8.3 ሚሊዮን ካሳነሰው ምስሉ ጥርት ይላል፣ ኖይዙም (ምስሉ ላይ የሚረጨው ነጠብጣብ) ይቀንሳል። ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 4ኬን በሰከንድ በ25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀርጽ የሚያደርገው ይህንን ነው። ሌላው መንገድ መስመር እየዘለሉ ማንበብ ነው። ካኖን 5ዲ ማርክ 2 እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ በቪዲዮው ዓለምን አስደንቆ ነበር፤ ግን መስመር ይዘል ነበር። የዚህ ችግር እኛ አገር ቶሎ ይታያል። የነጠላ ሽመና፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥበብ፣ ከፎቅ የሚታይ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁሉም ቀጫጭን ተደጋጋሚ መስመር አላቸው። ካሜራው መስመር ሲዘል እነሱ ላይ ቀለም ያለው ሞገድ ይፈጠራል፤ ሙሽራዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ልብሷ ላይ ይዋኛል። ኤዲት ላይ ማጥፋት በጣም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ይህን በእጅጉ ቀነሰው። ሁለቱም ግን ሜኑ ላይ የሚጽፉት ያንኑ 1920 በ1080 ነው።

ስለዚህ ከትልቅ ንባብ የተሠራ ፉል ኤችዲ፣ እየዘለለ ከተነበበ 4ኬ ይልቅ ለዓይን ደስ ሊል ይችላል።

«ፍሬም ሲበዛ ጥራት ይጨምራል»

እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፣ ስሎው ሞሽን መሥራትም ይቻላል። የእያንዳንዱ ምስል ጥራት ግን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

አንደኛ፣ ሴንሰሩ በፍጥነት መነበብ ስላለበት ካሜራው ከዳር ከዳር ይቆርጣል። ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 4ኬን በ50 ወይም በ60 ፍሬም ሲቀርጽ የሴንሰሩን መሀል ብቻ ይጠቀማል፤ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 36 እንደሆነ ያህል ይጠባል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹንም ዘመዱንም በአንድ ፍሬም ማስገባት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተጠቀመበት የሴንሰር ስፋት ስላነሰ ማታ ላይ ኖይዙም ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ ዳታው ይከፋፈላል። በብዙ ካሜራዎች ፉል ኤችዲ በ25ም በ50ም ፍሬም በሰከንድ 50 ሜጋቢት ነው። በ25 ለአንድ ፍሬም በአማካይ 2 ሜጋቢት ይደርሳል፣ በ50 ግን 1። ተከታታይ ፍሬሞች ስለሚመሳሰሉ ጉዳቱ ግማሽ አይሆንም። ዝናብ ሲዘንብ ወይም እስክስታው ሲደምቅ ግን ምስሉ መበጣጠሱ ይታያል።

ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በደንብ መታወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ሸምበቆ መብራትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራሉ፣ ይደበዝዛሉ። ካሜራችሁ የአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ሆኖ በ30 ወይም በ60 ፍሬም፣ ሸተሩ (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ወይም 1/125 ሰከንድ ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይንከባለላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ካሜራው ተበላሽቷል» ይላል። ካሜራው ምንም አልሆነም። ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ኤንቲኤስሲ የሚለውን (የአሜሪካውን አቀማመጥ) ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ አገሮች የሚስማማው) ቀይሩት፤ 25 እና 50 ፍሬም ይመጣላችኋል። ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አስቀምጡ። በ120 ፍሬም ግን ሸተሩ ከ1/120 በታች መውረድ ስለማይችል፣ እንዲህ ያለ መብራት ባለበት አዳራሽ በ120 ፍሬም ስሎው ሞሽን መቅረጽ ቢቀር ይሻላል። ውጪ፣ ፀሐይ ላይ፣ የፈለጋችሁትን ያህል።

«ውድ ሚሞሪ ምስሉን ያጠራዋል»

አያጠራውም። ካርዱ የተሰጠውን ያስቀምጣል፤ ካልቻለ ቀረጻው ይቋረጣል። ቪ30 የሚል ካርድ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሆነ ሞድ የሚፈልገው 12.5 ሜጋባይት ብቻ ነው። ቢትና ባይትን እያምታቱ ያለአግባብ ገንዘብ የሚያወጡ አሉ። ይልቅ ቦታውን አስሉ፤ በዚህ ሞድ አንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል።

«ሎግ ካልቀረጽክ ፕሮፌሽናል አይደለህም»

ሎግ፣ ማለትም ምስሉን አደብዝዞ ቀርጾ ቀለሙን ኤዲት ላይ ማስተካከል፣ ብርሃንና ጥላ በጣም ሲራራቁ ጠቃሚ ነው። መስከረም 16 መስቀል አደባባይ ላይ ደመራው ሲለኮስ፣ እሳቱ አንድ ወገን፣ የሚጨልመው ሰማይ ሌላ ወገን፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ መሀል ነው። እዚያ ይረዳል። ነገር ግን ካሜራችሁ 8 ቢት ብቻ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ነው ያላችሁ፤ በ10 ቢት 1024 ነው። ሎግ ያንኑ 256 ሰፋ ባለ ብርሃን ላይ ይበትነዋል፤ ኤዲት ላይ ሲለጠጥ ሰማዩ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል። በ8 ቢት ካሜራ የተለመደውን ቀለም መርጦ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) አስተካክሎ መቅረጽ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

«የካሜራው ስክሪን ላይ አይቼዋለሁ፣ ልዩነት የለውም»

በዚያች ትንሽ ስክሪን ልዩነት ሊታይ አይችልም። በትክክል ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ያስቀምጥ። ሸተር፣ አይሶ (ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ የነጭ ቀለም ሚዛን እና ፎከስ በእጅ ይቆለፉ። ፊት ለፊት ጥለት ያለው ነጠላ ይሰቀል፣ ከጎኑ ጨለም ያለ ጥግ ይኑር፣ አንድ ሰውም ወዲያ ወዲህ ይበል። በየሞዱ 10 ሰከንድ ይበቃል። ክሮፕ ያለው (ከዳር የሚቆርጠው) ሞድ ላይ ስትደርሱ ወደኋላ ፈቀቅ ብላችሁ ያንኑ ስፋት አምጡ፤ አለዚያ የተጠጋው ምስል ሁሌ ያሸንፋል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ በሙሉ መጠኑ ከፍታችሁ ጥለቱን፣ ጥላውንና የሚንቀሳቀሰውን ሰው እዩ።

ቴሌግራም ላይ የተላከ ቪዲዮ አይታችሁም አትፍረዱ። እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቃል፤ የሁለቱም ሞድ ልዩነት እዚያው ይጠፋል። ለደንበኛም ሆነ ለጓደኛ ናሙና ስትልኩ «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩ።